ለአክስቴ ቤት የሚሆን ችግር

አባቴ ሲሞት ለእናቴና ለእኔ የቀረልን አንድ ትንሽ ግቢና ግቢው ውስጥ የቆመች አንዲት ታክሲ ነበረች። ታክሲዋ ሐረር ውስጥ ዕድሜ የጠገበ ሰው ሁሉ የሚያውቃት ዓይነት ናት፤ የፈረንሳይ ሥሪት፣ ሰማያዊ፣ ፊቷ ሰፋ ያለ፣ ስትነሳ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮዋን የምትጠርግ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በእሷ ከፈረስ መጋላ ወደ አዲሱ ከተማ፣ ከአዲሱ ከተማ ወደ ፈረስ መጋላ ሰው ሲያመላልስ ኖረ። እሱ ካረፈ በኋላ ላስቲክ አልብሰን ተውናት። ዶሮዎቻችን በተሰበረው መስኮት እየገቡ የኋላ ወንበሯ ላይ እንቁላል ይጥሉ ጀመር። እናቴ ጠዋት ጠዋት "እስቲ ታክሲ ውስጥ ያለውን አምጪ" ስትለኝ፣ ቤት የመጣ እንግዳ ካለ ግራ ይገባው ነበር።

ጊዜው ከመጀመሪያ ባሌ ተለያይቼ ወደ እናቴ ቤት የተመለስኩበት ነው። ባሌ በመንግሥት ሥራ ተመድቦ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነበር፤ ሲዛወር እኔን ሳይጨምር ተዛወረ። ልጅ አልወለድንም። እኔም በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ተቀጥሬ አቧራ እያራገፍኩ ቀኑን አመሻለሁ፤ ማታ ከእናቴ ጋር ሹሮዬን በልቼ እተኛለሁ።

ያን ጊዜ ዘመዶቼ እንዴት ይወዱኝ እንደነበር!

በተለይ ሁለቱ። አንዷ አክስቴ ናቸው፤ የአባቴ ታላቅ እህት። ከእኛ ግቢ ትንሽ ወጣ ብሎ ይኖራሉ፤ ከአባቴ ሞት በኋላ የቤተሰቡ ራስ እሳቸው ሆኑ። ሁለተኛዋ የእሳቸው ልጅ ናት። እኔና እሷ በአንድ ዓመት ተወልደን፣ ክረምቱን በአንድ አልጋ ተኝተን፣ አንድ ጫማ ተዋውሰን ያደግን ነን። እሷ በጊዜዋ አገባች፣ እዚያው እናቷ ግቢ ቤት ሠራች፣ በጊዜዋ ወለደች፣ ጊደር መጋላ አጠገብ ሳፋና ጀሪካን፣ ትሪና ፔርሙዝ የምትሸጥበት ሱቅ ከፈተች። ቤተሰቡ ውስጥ "ምነው እንደ እሷ ብትሆኚ" የሚባልላት እሷ ነበረች፤ "ምነው" የምባለው እኔ ነኝ።

ግን አይከፋኝም ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትኩስ ዳቦ በፌስታል ይዛ ትመጣለች፤ ደጃፋችን ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። እኔ ማልቀስ ስጀምር እሷ ነጠላዋን ታስተካክልና ትከተላለች። እውነቴን ነው፣ አብሮ ለማልቀስ ከእሷ የተሻለ ሰው ሐረር ውስጥ አልነበረም። አክስቴም ቢሆኑ ሳገኛቸው "የእኔ ምስኪን" ብለው ጉንጬን ይዳብሱኛል፤ ከወጥ ውስጥ ደህናውን ሥጋ መርጠው ያጎርሱኛል።

ነገሩ የተለወጠው በታክሲዋ ምክንያት ነው።

አንድ ቀን እናቴ ግቢው ጠበበኝ ብላ ቁራሌው ተጠራ። ሰውየው ታክሲዋን ዞሮ ዞሮ አያት፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገና "ለብረቷ ነው እንጂ..." ማለት ጀመረ። እኔ መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለውን የአባቴን መስቀል ላወርድ ገብቼ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የበሩ ጠርዝ ላይ ቀለሙ ሙልጭ ብሎ የለቀቀበት ቦታ አለ። አባቴ ክርኑን የሚያስደግፍበት ነው። ሳላስበው የእኔን ክርን እዚያው አሳረፍኩት። ልክክ አለ።

"ይቅርብን" አልኩት ቁራሌውን።

"እህቴ፣ ዶሮ ነው እኮ የሚኖርባት" አለኝ።

"ዶሮዎቹን አስለቅቃለሁ።"

በማግስቱ የአባቴ ወዳጅ የነበሩ፣ ከጀጎል ግንብ በታች ጋራዥ ያላቸው አንድ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። ሐጂ ቤታችን ድረስ መጡ፤ ኮፈኗን ከፍተው ሽቦውንና ቱቦውን አንድ በአንድ ነካኩ። ከዚያ "አቦ! ይቺ አልሞተችም፤ ተኝታ ነው" አሉ። "ግን ወላሂ፣ ከሞተሩ ውስጥ ጫጩት ብናወጣ እንዳይገርምሽ።"

ጫጩት አላወጣንም፤ ላባ ግን አውጥተናል። ሐጂ ዕቃውን ከየት ከየት እንደሚያመጡት እንጃ፣ ቀስ በቀስ አስነሷት። ተነስታ ጉሮሮዋን ስትጠርግ እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ሆና የአባቴን ስም ጠርታ "መጣህ?" አለች፤ ከዚያ አፏን በመዳፏ ያዘች። እኔ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ከመሥሪያ ቤት ስወጣ ሐጂ ዳገት ዳገቱን ያስነዱኛል። ስሳሳት "ያ አላህ" ብለው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ሳልሳሳት ደግሞ "ማሻአላህ፣ የአባትሽ ልጅ" ይሉኛል። በመጨረሻ ገላዋን ክሬም፣ ጣሪያዋን ሰማያዊ ቀባናት። ደጅ ላይ ስትቆም ሙሽራ መሰለች።

ሙሽራ መምሰሏን መጀመሪያ ያየችው የጎረቤታችን ልጅ ናት። ሠርጓ ደርሶ ነበርና አይታት "እኔ በሌላ መኪና አልሄድም" ብላ እግሯን ተከለች። ቤተሰቦቿ ለመኗት፣ ተቆጧት፤ አልሰማ አለች። እኔ ታዲያ ሪባን አስሬ፣ አበባ ለጥፌ፣ ከጀጎል ውጪ ካለው ከተማ ተነስቼ በሸዋ በር አስገባኋት። መኪና ግርግር የሚባለው የሰፊዎች መንገድ ጋ ስንደርስ ልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን አቁመው ተነሱ። ፈረስ መጋላ ላይ ባጃጆቹ ጥሩንባቸውን ለቀቁት። አንዱ ሽማግሌ "የማን ልጅ ናት የምትነዳው?" ሲሉ ሌላው የአባቴን ስም ጠርተው ሲመልሱ በጆሮዬ ሰማሁ። ያን ዕለት ሙሽራዋ ያለቀሰችው አንሶ እኔም እያለቀስኩ ነዳሁ።

ፎቶው በስልክ በስልክ ተላለፈ። ከዚያ ሰው መደወል ጀመረ። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ከከተማም ከገጠርም፣ ከድሬዳዋም ሳይቀር ይጠሩኝ ጀመር። የመዝገብ ክፍሉን ሥራ ለቀቅሁ። ሙሽሮቹ ደግሞ የሚገርሙ ናቸው። አንዷ ገና በሩ ሲዘጋ ጫማዋን አሽቀንጥራ ጥላ፣ ከቦርሳዋ ሳንቡሳ አውጥታ "አንቺ፣ ከጠዋት ጀምሮ ማንም ምግብ አላቀመሰኝም" እያለች ስትበላ፣ ሙሽራው ቬሉ ላይ ዘይት እንዳይንጠባጠብ መሀረቡን ዘርግቶ ይዞላት ነበር። እኔ በመስታወቱ እያየኋቸው ሳቄ አፍኖኝ መሪውን አጥብቄ ያዝኩት።

ይህን ሁሉ ለማን ላውራ? ለአክስቴና ለልጃቸው ነዋ። ከነሪባኑ እየነዳሁ አክስቴ ደጅ ሄጄ ጥሩንባ ነፋሁ። አክስቴ ወጡ። መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ አዩና "እኔስ ደስ ብሎኛል" አሉ። ከዚያ ትንሽ ቆየት ብለው፣ "ሴት ልጅ መሪ ጨብጣ በየሠርጉ ስትዞር ሰው ምን ይል ይሆን ብዬ ነው እንጂ፣ እኔስ ደስ ብሎኛል።" ቡና እንኳ ግቢ ሳይሉኝ በሩን መለስ አደረጉት።

የቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ አለ። መልካም ጾም፣ መልካም ፋሲካ፣ የእከሌ ሰልስት እየተባለ የሚጻፍበት። የመጀመሪያዋን ሠርግ ፎቶ እዚያ ላክሁ። ለረጅም ሰዓት ማንም አልመለሰም። ከዚያ ከአዲስ አበባ አንዱ አጎቴ የተገለበጠ የመንገደኛ መኪና ቪዲዮ ላኩ፣ "ልጆች፣ በመንገድ ላይ ጥንቃቄ" ብለው። ቀጥሎ የአክስቴ ልጅ ጻፈች፦ "የፊተኛው ጎማ አልተበላም?" በቃ። በዚያው ተዘጋ።

እሑድ ዳቦው ቀረ። አንድ እሑድ ሥራ በዝቶባት ነው አልኩ። ሌላውን ልጇን አሟት ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ ግን ለራሴም የምነግረው ምክንያት አጣሁ። መንገድ ላይ ስንገናኝ "ሹፌሯ!" ብላ ትስቃለች፤ ሳቋ ውስጥ ግን ስስ የሆነ ምላጭ አለ። ሰዎች "አባቷ ለቤተሰቡ ሁሉ የተዋትን መኪና ለብቻዋ ወሰደች" እያሉ እንደሚያወሩም ሰማሁ። ላባ ሞልቶባት ቆማ ሳለች የቤተሰቡ ሁሉ መሆኗን ያነሳ ሰው አልነበረም።

ምስጢሩን የገለጠልኝ የተሰበረ ማርሽ ነው። በሠርግ ወራት መሐል ማርሿ ተሰበረና መኪናዋ ጋራዥ ገባች። ተበሳጭቼ በእግሬ ስሄድ አክስቴ ደጅ ላይ አገኙኝ። "ምነው ፊትሽ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር እንደ መጋረጃ ገለጥ ሲል አየሁ። "ውይ የእኔ ምስኪን!" ብለው እጄን ይዘው አስገቡኝ፤ ቅልጥም አወጡልኝ። የዚያ ሳምንት እሑድ የአክስቴ ልጅ ዳቦዋን ይዛ መጣች። አግዳሚዋ ላይ ተቀምጠን እንደ ድሮው አወራን። ጎኗ ጎኔን ሲነካኝ ምን ያህል ናፍቃኝ እንደነበር ገባኝ።

ማርሿ ተሠራ። መኪናዋ ወጣች። ዳቦው ቀረ።

እንግዲህ እኔ ሞኝ አይደለሁም። የሚፈልጉት ችግር ከሆነ ችግር አመጣላቸዋለሁ አልኩ። ሰው ዘመድ ሲጠይቅ ብርቱካን ወይም ስኳር ይዞ እንደሚሄድ፣ እኔ አክስቴ ቤት ስሄድ አንድ ችግር ይዤ መሄድ ጀመርኩ። መንገድ ላይ እያሰብኩ እመርጣለሁ። የነዳጅ ሰልፍ ጥሩ ነው፤ እውነትም ነበር። ወገቤ ጥሩ ነው፤ ወንበሯ አረጀ እላለሁ። አንድ ቀን ምንም ሲጠፋብኝ "ኩላሊቴን ሳያመኝ አልቀረም" አልኩ። አክስቴ ደረታቸውን ደቁ፤ ኩላሊት በጣም ተወደደልኝ። በየሄድኩበት "ኩላሊትሽስ?" እባላለሁ፤ እኔም እንደ ሁኔታው አሻሽላለሁ ወይም አባብሳለሁ።

እናቴ አንድ ቀን ከጸበል ስትመለስ ጠርሙስ ሙሉ ጸበል ይዛ መጣች።

"ለማን ነው?" አልኳት።

"አክስትሽ ናት ያሸከመችኝ። ለኩላሊትሽ። አንቺ ልጅ፣ ኩላሊትሽ መቼ ታመመ?"

"ለእትዬ ብዬ ነው እማዬ።"

እናቴ ጥቂት ቃል ያላት ሴት ናት። ጠርሙሱን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችና "ጤና እንዲህ አይጫወቱበትም" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። በጸበሉ ተጠምቄ ተኛሁ፤ አይጎዳም ብዬ።

በዚህ መሐል ነው ሰውየው የመጣው። ሶፊ በሚባለው የሐረር ገጠር ውስጥ በግብርና ባለሙያነት የሚሠራ፣ ከወሎ የመጣ፣ ዝምተኛ መስሎ ሳለ ቀልደኛ የሆነ ሰው። የሥራ ባልደረባው ሲያገባ የእኔን መኪና ተከራዩ፤ እሱ ሚዜ ሆኖ ከፊት ከጎኔ ተቀመጠ። ዳገቱ ላይ መኪናዋ ስታቃስት ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "ልውረድላት?" አለኝ በሹክሹክታ። ሙሽሮቹ ሳይሰሙን ሁለታችንም ሳቃችንን ዋጥን። ሳምንቱን ጠብቆ ከሶፊ ዘይቱንና ማንጎ በካርቶን ይዞ "ለመኪናዋ ነው፣ ደክሟት ነበር" ብሎ ቤታችን መጣ። እናቴ ፍሬውን አጥባ በሳህን ስታቀርብ ፈገግ ስትል ያየኋት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

እሱን ታዲያ ከዘመድ ሁሉ ደበቅሁት። ከተማ ውስጥ አብረን ስንሄድ የአክስቴን ልጅ ከሩቅ ካየሁ መንገድ እቀይራለሁ። አክስቴ ቤት አጠገብ ስንደርስ "ጎንበስ በል" እለዋለሁ። ጥቂት ጊዜ ጎነበሰልኝ። አንድ ቀን ግን አልጎነበሰም።

"እኔን እንደ ኮንትሮባንድ ነው እንዴ የምታስገቢኝ የምታስወጪኝ?" አለ። እየሳቀ ጀመረው፤ ሲጨርስ ግን አልሳቀም። "ታፍሪብኛለሽ?"

"አላፍርብህም። አንተን ካወቁ ያዝናሉ።"

"በምን?"

"ደስ ስላለኝ።"

"እንግዲህ ይዘኑ። እኔ ሽማግሌ ልልክ ነው" አለ።

ሽማግሌ ደግሞ የሚሄደው የቤተሰቡ ራስ ዘንድ ነው። አክስቴ ቤት።

በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፤ የመሥሪያ ቤቱ አለቃ፣ የእኛው የንስሐ አባት፣ ሦስተኛው ደግሞ ሐጂ። ሐጂን የለመናቸው እሱ ራሱ ነው፤ "የአባቷን ወዳጅ ሳልይዝ አልመጣም" ብሎ። እኔና እናቴ በወጉ ጓዳ ውስጥ ከመጋረጃ ጀርባ ነን። የአክስቴ ልጅ ትሪ ይዛ ትገባለች ትወጣለች፤ ዓይኗን ከእኔ ታሸሻለች። ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዱ አንቀመጥም ብለው ቆሙ፣ ተለመኑ፣ ተቀመጡ። አለቃው ጉሮሮውን ጠርጎ የመጡበትን ተናገረ።

አክስቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "መምጣታችሁ ክብራችን ነው" አሉ። "ግን በኋላ አታለሉን እንዳትሉን፣ እውነቱን መናገር አለብን። ልጃችን ጤና የላትም።"

እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

"ወገቧ አይረባም" አሉ አክስቴ። "ኩላሊቷ ሲነሳባት አልጋ ላይ ነው የሚጥላት። ጨጓራዋም አለ። እንቅልፍ የላትም፤ ራሷን ያዞራታል። መኪናዋም ዛሬ ነገ ቆምኩ እያለች ነው። ለሰው ልጅ ሸክም ይሆናል ብዬ እንጂ፣ እኔስ ደስ ይለኛል።"

ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ የራሴን ዕቃ በሰው ገበያ ላይ ተዘርግቶ እንዳየሁ ሆንኩ። አንድም አልዘለሉም። ጨጓራውን እኔ ራሴ ረስቼው ነበር። አዘንኩም፣ ሳቄም መጣ። ደግሞ ገረመኝ፤ ሴትዮዋ እኮ ያልኳቸውን ሁሉ አምነውኛል። ውሸት አልተናገሩም። እኔ ያቀበልኳቸውን ነው ያቀረቡት።

ከዚያ የሐጂ ድምፅ ተሰማ። "አቦ፣ የየትኛዋን ልጅ ነው የምታወሩት? እኔ የማውቃት ልጅ በቀደም ጋራዤ መጥታ ጎማ ብቻዋን ፈታ ብቻዋን አስራለች። ወላሂ፣ ወገቧ ከእኔ ወገብ ይሻላል።"

"ኩላሊቷስ?" አሉ አክስቴ።

የንስሐ አባታችን መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር እግዚአብሔር ነው ይላል መጽሐፉ" አሉ ረጋ ብለው። "ለእሱ እንተውለት።"

አለቃው ሳቁን በሳል ሸፈነው። በዚህ ጊዜ እናቴ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። የልጅ እናት በሽማግሌ ፊት እንዲህ አትወጣም፤ እሷም እንዲህ አድርጋ አታውቅም። መሐል ቤቱ ላይ ቆማ "ልጄ ጤነኛ ናት" አለች። "ደስተኛም ናት። የደበቅነው ደስታዋን ነው።" ተመልሳ ገባችና አጠገቤ ተቀመጠች።

ከዚህ በኋላ አክስቴ ምን ይበሉ? ቀጠሮ ሰጡ፤ በቀጠሮው ቀንም እሺ አሉ።

እኔ ግን ሆዴ ውስጥ የቀረው የአክስቴ ነገር አይደለም። ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ጊደር መጋላ ወረድኩ። የአክስቴ ልጅ ሱቋ ደጃፍ ላይ ሳፋ በሳፋ እየደራረበች ነበር። ደንበኛ የለም። ከጀሪካኖቹ መሐል በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ።

"ስታመም ትመጪ ነበር" አልኳት። "ስድን ቀረሽ። ምን አደረግሁሽ?"

"ምንም አላደረግሽኝም" አለች፤ ሳፋውን መደራረቧን አላቆመችም።

"እንግዲያውስ ለምን?"

የያዘችውን ሳፋ አስቀመጠችውና ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለች።

"አንቺ እናቴ ከአንቺ ፊት ስታጥላላሽ ነው የምትሰሚው" አለች። "ከእኔ ፊት ምን እንደምትል ታውቂያለሽ? 'እሷን አየሻት? ያለ ባል፣ ያለ ማንም ተነስታ ከተማውን አንቀጠቀጠችው። አንቺ ግን ስንት ዓመት ፕላስቲክ ትደረድሪያለሽ።' በየምሳው ነው። በየራቱ ነው። ልጆቼ ፊት ነው። እኔ ቤት ምግብ የሚበላው ከአንቺ ጋር ነው። ማርሽሽ ሲሰበር ብቻ ነው እፎይ ብዬ የምጎርሰው።"

እኚያ በሩን መለስ ያደረጉብኝ ሴትዮ፣ እኚያ "ሰው ምን ይላል" ያሉኝ፣ ራት ላይ በእኔ ይኩራሩ ነበር። በእኔ ደግሞ ልጃቸውን ይገርፉ ነበር።

"ድሮ 'እንደ እሷ ሁኚ' ስትባይ እንደዚህ ነበር የሚያምሽ?" አለችኝ።

አሰብኩበት። "አይ። እኔ እኮ የምሆን አይመስለኝም ነበር" አልኳት።

ይህን ስላት ሳቀች። ምላጩ የሌለበት ሳቅ ነው። እኔም ሳቅሁ። አንዲት ሴት ፔርሙዝ ልትገዛ መጥታ ሁለት ጎልማሳ ሴቶች ከጀሪካን መሐል ተቀምጠው እንባቸውን ሲጠርጉ አይታ፣ "ሰው ሞቶባችሁ ነው?" ብላ ደንግጣ ጠየቀችን።

ያን ቀን የተስማማነው ነገር የለም። ግን ስነሳ እንዲህ አለችኝ፦ "እኔን መዋሸት ተይ። ደህና ነገር ሲገጥምሽ ንገሪኝ። ግን ወዲያው እልል እንድልልሽ አትጠብቂ። ጊዜ ስጪኝ። ይደርሳል።"

ሠርጋችን ትንሽ ነበር። የአክስቴ ልጅ ከሱቋ ትሪና ሳፋ በጋሪ አስጭና መጣች፤ ከጠዋት እስከ ማታ ከወጥ ቤት አልወጣችም። ከጎኔ አልተቀመጠችም፤ ፎቶ ላይም የለችም። ከወር በኋላ፣ እሑድ፣ በር ተንኳኳ። እሷ ናት። "እልልታዬ ደረሰ" አለችና ደጃፋችን ላይ ቆማ፣ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ አቀለጠችው።

አክስቴን በተመለከተ፣ ብዙ ጊዜ ልረዳቸው ሞክሬ ነበር። አሁን ትቼዋለሁ። በዓል ሲሆን ከባሌ ጋር እንሄዳለን፤ ብርቱካን ይዘን። "እንዴት ነሽ?" ሲሉኝ "ደህና ነኝ እትዬ፣ በጣም ደህና ነኝ" እላለሁ። "ወፈርሽ" ይላሉ። "ተስማምቶኝ ነው" እላለሁ። ልጃቸው ባለችበት ደግሞ ስለ ልጃቸው ሱቅ አነሳለሁ፤ የሠርግ ዕቃ ማከራየት እንደጀመረች፣ ሙሽሮቼን ሁሉ ወደ እሷ እንደምልክ። አክስቴ ወደ ልጃቸው ዞረው ያያሉ፣ ወደ እኔ ዞረው ያያሉ፤ ማንን በማን እንደሚገርፉ ይጠፋባቸዋል። ከዚያ ባሌን "አንተስ ከስተሃል፣ አታበላህም እንዴ?" ይሉታል። እሱ ሳህኑን ይዘረጋል።

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ሌላ ነው። "አንቺ፣ አትሳቂብኝ። በዚህ ዕድሜዬ አርግዣለሁ" አለችኝ።

"እንኳን ደስ ያለሽ!" አልኳት፤ በጥሩ ድምፅ ነው ያልኩት። ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ቁጭ አልኩ። እኔና ባሌ ልጅ አልመጣ ብሎን ሐኪም ቤት መመላለስ ከጀመርን ቆይተናል፤ ያልነገርኳት ብቸኛ እውነተኛ ችግሬ እሱ ነበር። ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ጥፍሩን አሳረፈብኝ። ትንሽ ነገር ነው፤ ግን ምን እንደሆነ ወዲያው አወቅሁት። ተነስቼ ሳህን አጠብኩ። ታጥቦ የተቀመጠውንም ደግሜ አጠብኩት። እጄን በጉርድ ቀሚሴ ጠርጌ መልሼ ደወልኩላት።

"ቆየሽ" አለችኝ። "ቅር አለሽ አይደል?"

"ትንሽ" አልኳት።

"እኔም በትንሽ ነው የጀመርኩት" አለች፤ በስልኩ ውስጥ ሳቋ ሲመጣ ይሰማኛል። "ጊዜ ውሰጂ።"

ከዚያ ስለ ሐኪሙ ነገርኳት፤ ሁሉንም፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። ሰምታ ስትጨርስ ምስኪን አላለችኝም። የትኛው ሐኪም እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እሱ ጥሩ ነው አለች። ቀጥሎ ስለ ማቅለሽለሿ አወራን፤ ጠዋት ጠዋት የሚያስመልሳት የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ ነው አለች፤ ሱቋ ሙሉ ፕላስቲክ ሆኖ ደግሞ የት ታመልጠዋለች?